ሐጂ በዐረብኛ ምን ብለውት ይሆን?

ይህ ነገር ያጋጠመኝ ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ጥቂት ሲቀራቸው ነው። የማልረሳው ሥራ ስላገኘሁበት ብቻ አይደለም። ስለ እኔ፣ እኔ በማልሰማው ቋንቋ ረጅም ወሬ ተወርቶ፣ ምን እንደተባለ ሳላውቅ ከወር በላይ ስለቆየሁ ነው። የሚያውቁኝ ሰዎች ይህ ለእኔ ምን ዓይነት ቅጣት እንደሆነ ይገባቸዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ ነገር ካልገባኝ ምግብ አይረጋልኝም። እናቴ "አንቺ ልጅ፣ ሞት ራሱ ሲመጣ ከየት መጣህ ብለሽ ታቆሚዋለሽ" ትለኛለች።

ያኔ የምንኖረው ከሃያ ሁለት ማዞሪያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። አባቴ ያረፈው ሃይስኩል እያለሁ ሲሆን፣ ከእናቴ ጋር በእሱ ጡረታ ነበር የምንተዳደረው። በጽሕፈት ሙያ ዲፕሎማ ይዤ ሁለት ዓመት ያህል ቤት ቁጭ ብያለሁ። "አሁን በታይፕ ማን ይቀጥራል? ዘመኑ የኮምፒዩተር ነው" ሲሉኝ ኮምፒዩተርም ተማርኩ። ተማርኩ ስል አንዱን ኮምፒዩተር ብዙ ሆነን ከበን፣ አንዱ ሲነካ ሌሎቻችን እናይ ነበር።

ሥራው እምቢ ሲል ቤይሩት ልሄድ ወሰንኩ። ደላላው ፓስፖርቴን አስጨርሶልኛል። የሚቀረው እሺ ብዬ ቪዛው እንዲጠየቅ ብቻ ነው፤ ለዚህም እስከ ሰኞ ቀን ሰጥቶኛል። እናቴ አላለቀሰችም፤ ግን ሂጂም አላለችኝም። እኔም ብሆን ዲፕሎማ ይዤ የሰው ቤት ለማጠብ መሄዱን ልቤ አልፈቀደውም ነበር። ግን ደግሞ በአባቴ ጡረታ ላይ ተቀምጦ መብላት አሳፈረኝ።

ለደላላውም ሆነ ሥራ ለጠየቅሁባቸው ቦታዎች ሁሉ የሰጠሁት አንድ ስልክ ነው፤ የሐጂ ሰዒድን። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው፤ የሠፈራችን መግቢያ ላይ ሱቅ አላቸው። በወጣትነታቸው ጅዳ ለብዙ ዓመት ሠርተዋል። በአካባቢው ስልክ ያለው እሳቸው ጋ ስለነበረ፣ ግማሹ ሠፈር የሐጂን ቁጥር እንደራሱ ቁጥር ይሰጥ ነበር። አስፈቅዶ የሚሰጥ ግን አልነበረም። እኔም አላስፈቀድኩም።

ስልኩ ይቀበላል እንጂ አያስደውልም። መደወያው ቀዳዳ ውስጥ ትንሽ ጓጉንቸር ቆልፈውበታል። አንድ ቀን ጨው ልገዛ ሄጄ ያን ጓጉንቸር ሳይ ቆየሁና "ሐጂ፣ ይሄ ቁልፍ እኮ ምንም አያግድም" አልኳቸው።

"ምን ማለትሽ ነው?"

እጀታውን አነሳሁ። እጀታው የሚያርፍባትን ጉጥ ተጫን ለቀቅ፣ ተጫን ለቀቅ እያደረግሁ፣ ለአንድ አንዴ፣ ለሁለት ሁለቴ እየመታሁ አክስቴ ቤት ደወልኩ። አክስቴ "ሀሎ" ስትል ሐጂ አፋቸውን ይዘው ቀሩ።

"ማነው ያስተማረሽ?"

"ማንም። መደወያው ሲመለስ ቀጭ ቀጭ የሚለውን ሰምቼ ነው።"

"ወላሂ፣ አንቺ ልጅ ሱቄን ልታዘጊው ነው!" አሉና ለማንም እንዳላሳይ አስማሉኝ።

በዚያው ሰሞን አትላስ አካባቢ የሚገኝ አንድ የሕክምና ዕቃ አስመጪ ድርጅት ጸሐፊ እንደሚፈልግ ሰምቼ አመለከትኩ። ፈተናው ለቀጣዩ ማክሰኞ ተባለ። ደላላው የሚጠብቀኝ ደግሞ እስከ ሰኞ ነው። ሁለቱን ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደላላው ላዘዘልኝ የጤና ምርመራ ሄጄ ስመለስ፣ የሐጂ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሰው ተኮልኩሏል። ጎረቤታችን ወይዘሮ አስካለ ከሩቅ አየችኝ።

"ነይ ነይ! ሐጂ ስላንቺ በዐረብኛ ሲያወሩ ዋሉ። እኔ ለስኳር ቆሜ እግሬ ደነዘዘ።"

"በዐረብኛ? ከማን ጋር?"

"እኔ ምን አውቄ! ስምሽን ግን ሰምቻለሁ። ይስቃሉ፣ ይቆጣሉ፣ ደግሞ መልሰው ይስቃሉ።"

ቤይሩት ያለችው ቀጣሪዬ የደወለች መስሎኝ ሰው ገፋ አድርጌ ገባሁ። ሐጂ ስኳር እየመዘኑ፣ ቀና ሳይሉ ነገሩኝ።

"ፈተናሽ ነገ ሆኗል። ጠዋት በሦስት ሰዓት። ማክሰኞ መብራት ስለማይኖር ነው አለ። የደወለው የመሥሪያ ቤቱ ኢንጂነር ነው፤ የሱዳን ሰው። ጸሐፊ ስለሌላቸው ራሱ ነው የሚደውለው። በእንግሊዝኛ ሀሎ ሀሎ ይለኛል፣ እኔ ደግሞ ከሀሎ ሌላ አላውቅም። ሊዘጋው ሲል 'ላ ሐውለ' ብሎ ሲያማርር ሰማሁት። በዚያው በዐረብኛ ያዝኩት።"

"ታዲያ ይሄን ለመንገር ይሄን ያህል ፈጀ? ሌላስ ምን አላችሁ?"

"ሂጂ፣ ልብስሽን ተኩሺ።"

"ሐጂ፣ ስለ እኔ ነው እኮ የተወራው!"

"አብሽሪ፣ ክፉ አልተወራም" አሉኝና ወደ ስኳራቸው ተመለሱ። የዚያን ዕለት ካውያው ሸሚዜ ላይ እንዳለ በሐሳብ ሄጄ፣ ሸሚዙ ለጥቂት ነው የተረፈው።

በማግስቱ ለፈተናው ብዙ ነበርን። ኮሪደሩ ላይ ስንጠብቅ ወሬው ሁሉ ስለ ሱዳናዊው ሆነ።

"አገሩ ሰው ጠፍቶ ነው ከውጭ የሚያመጡት?" አለ ክራባት ያሰረ ልጅ። "የኛ ልጆች ዲግሪ ይዘው ፒያሳ ይዞራሉ።"

"ሲበላሽ መጠገን የሚችል ካለ ለምን አይገባም? ኮምፒዩተር በዲግሪ አይነሳም" አለችው አንዷ።

"እሱስ እውነት ኢንጂነር ከሆነ አሜሪካ አይሄድም ነበር? እዚህ ምን ሊሠራ መጣ?"

ፓስፖርቴ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሰውዬው ሙያውን ይዞ ወደ እኛ መጥቷል፤ እኔ ሙያዬን ጥዬ ከእኛ ልሄድ ነው። እሱ ምን አጥቶ ይሆን ከአገሩ የወጣው እያልኩ ሳስብ ተጠራን።

የኮምፒዩተር ክፍሉ በር ላይ ጥበቃው "ጫማ አውልቁ" አለን። ያኔ ኮምፒዩተር አቧራ አይወድም ተብሎ በካልሲ ነበር የሚገባው። ሁላችንም አውልቀን ገባን። ኢንጂነሩ ግን ጫማውን እንዳደረገ፣ ሻዩን በእጁ ይዞ ከኋላችን ገባ። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ረጅም ቀጭን ሰው ነው። ሻዩን ኮምፒዩተሩ ጎን ሲያስቀምጠው ክራባት ያሰረው ልጅ ዓይኑን ጨፈነ።

የተሰጠኝ ኮምፒዩተር የተማርኩበትን ዓይነት አልነበረም። የኛው ጥቁር ሆኖ ነጭ ፊደል ብቻ ነበር የሚያሳየው፤ ይሄ ባለ ሥዕል ነው። አጠገቡ ደግሞ በመዳፍ የሚያዝ፣ ገመድ ያለው ትንሽ ዕቃ ተቀምጧል። ስለ ማውስ በወሬ ሰምቻለሁ እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ግራ ቀኝ አየሁ። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ የሆነ ነገር ይነካካል። አንዷ ማውሱን አንስታ ስክሪኑ ላይ ለጥፋዋለች። ማንም ግን አይጠይቅም፤ ፈተና ላይ አላውቅም ማለት ወድቄአለሁ ማለት ነዋ! እኔ አላስቻለኝም። እጄን አወጣሁ።

"ይቅርታ፣ ይሄ ዕቃ እንዴት ነው የሚሠራው?" አልኩ በእንግሊዝኛ።

ኢንጂነሩ ስሜን ጠየቀኝና ስነግረው ሳቁ አመለጠው።

"እንደምትጠይቂ ተነግሮኛል" አለኝ፣ ሁሉም እየሰማ። ከዚያ ማውሱን ገልብጦ ሆዱ ውስጥ ያለችውን ኳስ አወጣና እንዴት እንደምትንከባለል ለሁላችንም አሳየን። ፈተናው እንደገና ተጀመረ።

ስንወጣ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ሳስር ክራባት ያሰረው ልጅ ከላዬ ቆመ።

"ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ" አለ። "ተነግሮኛል ሲል አልሰማችሁም? እኛን ለማሟያ ነው የጠሩን።"

እውነቱን ለመናገር እኔም ጠርጥሬያለሁ። ሐጂ ምን ብለውት ይሆን?

ሰኞ ጠዋት ሐጂ ሱቅ ስልክ መጣልኝ፤ ለሙከራ ጊዜ ተቀጥሬያለሁ። እናቴ እልል ስትል ወይዘሮ አስካለ ምክንያቱን ሳታውቅ ተቀበለቻት። ወዲያው ደላላው ጋ ሄጄ መቅረቴን ስነግረው ግን ምንም አልደነቀውም።

"አውቃለሁ። ሐሙስ ማታ ስደውል ሐጂ ነግረውኛል፤ ሥራ ይዛለች ብለው።"

ሐሙስ ማታ! ፈተናውን እንኳ ሳልቀመጥ! ብወድቅስ ኖሮ? ተናድጄ ሐጂ ጋ ብሄድ "አልወደቅሽም አይደል?" ብለው ዘጉኝ። በዐረብኛ ስለተባለው ነገር ስጠይቃቸው ደግሞ ሁልጊዜ የሚመዘን ነገር አያጡም ነበር።

ሥራዬን ወደድኩት። ኢንጂነሩ ጥያቄ የማይሰለቸው ሰው ነበር፤ ያቺን አንዷን ጥያቄ ለመጠየቅ ግን ድፍረት አጣሁ። "በዘመድ ነው የገባሽው" የሚል መልስ እንዳይመጣ ፈራኋ።

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ በጠረጴዛዬ አጠገብ ሲያልፍ ቆም ብሎ "አባትሽ እንዴት ናቸው?" አለኝ።

"አባቴ? አባቴ እኮ ሞቷል" አልኩት።

የያዘው ወረቀት ከእጁ ወደቀ። "መቼ? ባለፈው ሳምንት እኮ በስልክ አናግሬያቸዋለሁ!"

አሁን ደግሞ የደነገጥኩት እኔ ነኝ። "የትኛውን አባቴን?" አልኩ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተወለድኩ ጠይቄ አላውቅም።

"ሐጂ ሰዒድን ነዋ!"

ሐጂ አባቴ ሳይሆኑ ጎረቤቴ እንደሆኑ ነገርኩት። ዓይኑ አንገቴ ላይ ወዳለው መስቀል ሄደ፤ በየቀኑ ሲያየው ኖሮ ገና አሁን ያየው ይመስል ነበር። ምንም ሳይለኝ የመኪና ቁልፉን አነሳና "ተነሺ" አለኝ። ሥራዬ ያበቃለት መሰለኝ። ከአትላስ ሃያ ሁለት ቅርብ ነው፤ ያን ቀን ግን መንገዱ አላልቅ አለኝ። በሐሳቤ የሚመላለሰው ቤት መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጥኩት ፓስፖርት ነበር።

ሐጂ፣ ኢንጂነሩ ስሙን ሲነግራቸው ሚዛናቸውን ጥለው ወጡ፤ ተቃቀፉ። ወዲያው ኢንጂነሩ ወደ እኔ እየጠቆመ በዐረብኛ ጀመረ። ሐጂ መለሱ። እሱ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እሳቸውም ከፍ አደረጉ። ስሜ ተደጋግሞ ይጠራል። እኔ መሃላቸው ቆሜ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው እያየሁ፣ አንዲት ቃል አትገባኝም። ወይዘሮ አስካለም የምትገዛው ሳይኖራት መጥታ ቆማለች።

"በአማርኛ!" ብዬ ጮህኩ። "ሐጂ፣ ይሄ የኔ ጉዳይ ነው! ያን ቀን ምን አሉት?"

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ።

"ምንህ ናት አለኝ፣ ልጄ ናት አልኩት። የተቆለፈ ስልክ ያለ ቁልፍ የከፈተች ናት፣ ያላወቀችውን ሳትጠይቅ አታልፍም፣ ካልቀጠርካት የሰው ቤት ልታጥብ ባሕር ትሻገራለች አልኩት። ጅዳ እያለሁ እንዳንቺ ዲፕሎማ ያላት ልጅ የሰው ደረጃ ስታጥብ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚህ ውስጥ ውሸቱ የቱ ነው?"

"ልጅዎ አይደለሁማ!"

"ማመልከቻሽ ላይ የቤቴ ስልክ ብለሽ የማንን ቁጥር ጻፍሽ?"

"የእርስዎን።"

"ጠይቀሽኛል?"

"አልጠየቅሁም።"

"የአባቱን ስልክ አስፈቅዶ የሚጽፍ የለም" አሉኝ። "አባት ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ። እኔ በተጠየቅሁ ቀን አይደለሁም ልበል?"

እንባዬ መጣ። አሁን ደግሞ ያልገባው ኢንጂነሩ ነበር። "ምን አሉሽ?" እያለ ይጎተጉተኛል። እንባዬን እየጠረግሁ ተረጎምኩለት። ሰምቶ ሲጨርስ የሐጂን እጅ ጨብጦ ሳመው።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ድፍረቱን አገኘሁ። "የቀጠርከኝ ስለጠየቅሁ ነው ወይስ ስለ ሐጂ?" አልኩት።

"እውነቱን ልንገርሽ? እኔም አላውቅም" አለኝ።

የሙከራ ጊዜዬን ጨርሼ እዚያው ቀረሁ። ኢንጂነሩ በኋላ ሌላ አገር ሥራ አግኝቶ ሄደ። ሐጂ አሁንም ይመዝናሉ፤ እኛም ቤት ስልክ ገብቷል። ፓስፖርቴ አንድ ማኅተም ሳያርፍበት ጊዜው አለፈ። ሐጂን ሳያቸው አሁንም ደስ ይለኛል፣ ትንሽም ያስለቅሰኛል።

ዛሬ ድርጅታችን ሰው ሲቀጥር ለተፈታኞቹ የምደውለው እኔ ነኝ። ብዙዎቹ ዛሬም የራሳቸው ስልክ ስለሌላቸው የሚያነሳው ባለቤቱ አይደለም፤ ባለ ሱቅ ነው፣ ጎረቤት ነው፣ ወፍጮ ቤት ነው። መልእክቱን ነግሬ አልዘጋም። "ምንዎ ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ፤ የሚሉኝንም እስከ መጨረሻው እሰማለሁ። ባልደረቦቼ ወሬ የምወድ ይመስላቸዋል።

እኔ ግን የማስበው ያን ክራባት ያሰረ ልጅ ነው። ኢንጂነሩ ያን ሐሙስ ለሁላችንም ደውሎ ነበር። ለእሱ ሲደውል ማን አንስቶ ይሆን?