ድንቡሼ ክንፍ አወጣ ወይ?

የአውቶብስ ሹፌር ሞተር ላይ ጭራቅ ያሳድጋል ቢባል ማን ያምናል? የእኛ መስመር ሹፌር ግን አሳድጓል፤ ያውም እንደ ዓይኑ ብሌን እየጠበቀ!

ነገሩን ያመጣችው ልጁ ናት። ከሚስቱ ከተለያዩ ወዲህ ልጅቱ ከእናቷ ጋር ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው፤ አባቷ ዘንድ የምትመጣው ትምህርት ሲዘጋ ብቻ ነው። አንድ ክረምት ስትመጣ አዲስ የወጣ የእጅ ጌም ይዛ መጣች፤ ጭራቅ እያደኑ የሚሰበስቡበት። አባት ሆዬ ከልጁ ጋር የሚያወራው እንዳያጣ ብሎ ለራሱም አንድ ገዛ። እሷም ከመሄዷ በፊት ከጌሟ ወደ ጌሙ አንድ ግልገል ጭራቅ አሻገረችለት። ሆዱ የተነፋ፣ ዓይኑ የፈጠጠ። ድንቡሼ አለችው።

«አባዬ፣ አሳድግልኝ እሺ? ይዘኸው በእግር ስትሄድ ነው የሚያድገው። ሲጎለምስ ወደ እኔ ትመልሰዋለህ፤ ያኔ ክንፍ ያወጣል። ብቻህን ሆነህ ግን አያወጣልህም።»

«እሺ፣ እመቤቴ።»

እንግዲህ ሹፌር መቼ በእግሩ ይሄዳል! ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው። አንድ ቀን ግን ጌሙን ከመሪው አጠገብ፣ የሞተሩ ክዳን ላይ ጣል ቢያደርገው፣ አሮጌው ሞተር ሲንቀጠቀጥ ለጌሙ እርምጃ መሰለው። ቆጠረ! ሹፌሩ ስፖንጅ ቆርጦ አነጠፈለት፤ እንዳይወድቅም በፕላስተር አጣበቀው።

«ጭራቁ ቁርስ በላ?» ትለዋለች ትኬት ቆራጯ በየጠዋቱ።

«ቀስ በይ፣ ይሰማሻል።»

«እኔ ልጆቼን እንዲህ ተንከባክቤ ባሳድግ ኖሮ ይሄኔ ሚኒስትር ነበሩ!»

ድንቡሼ ጎለመሰ። «ዝግጁ ነው፤ ጓደኛ ፈልግለት» የሚል ጽሑፍ ወጣ። አንዲት ተሳፋሪ ተማሪ አይታ፣ «ጋሼ፣ በእኔ ጌም ያሻግሩት፤ አሁኑኑ ክንፍ ያወጣልዎታል» አለችው።

«የለም የኔ ልጅ፣ ባለቤት አለው።»

ቀጣዩ ክረምት ደረሰና ልጁ መጣች። ቁመቷ ትከሻው ጋ ደርሷል፤ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታለች። ሹፌሩ አንዲቷን ክፍሉን ሲጠርግ ነው ያደረው፤ አልጋውን ለእሷ ለቆ ለራሱ ፍራሽ መሬት ላይ ዘርግቷል። ገና ሻይ እንኳ ሳትቀምስ ጌሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ያንቺን አውጪው እስኪ።»

«የኔን ምን?»

«ጌሙን ነዋ! ድንቡሼ ደረሰልሽ።»

ልጅቱ ሳቀች፤ ክፋት የሌለው ሳቅ። «ውይ አባዬ! እስካሁን ትጫወታለህ እንዴ? እኔ እኮ ትቼዋለሁ። ለትንሿ ሰጠኋት።» ትንሿ ያለቻት እናቷ ከአዲሱ ባሏ የወለደቻትን ነው።

«እ… አዎ። እኔም እንዲያው ሥራ ስፈታ ነው» አለና ስኳር ለማምጣት ተነሳ። ስኳሩ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

የምትሄድ ዕለት ጌሙን በመሀረብ ጠቅልሎ ሰጣት። «ለትንሿ ስጫት። ሁለቱን አጠጋግታ ታሻግረው። ክንፍ ሲያወጣ ፎቶ አንሺልኝ።»

«እሺ፣ አባዬ።»

ፎቶው ውሃ በላው። ሹፌሩ ስልኩን በየፌርማታው እያወጣ ማየት አመል ሆነበት። በመጨረሻ አላስችል አለውና፣ አውቶብሱ ሰው ለመጫን እንደቆመ ደወለ። ትኬት ቆራጯ አጠገቡ ነበረች።

«ልጄ፣ አወጣ?»

«ምኑ?»

ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። ክዳኑ ላይ የቀረው ስፖንጁ ነው፤ እሱም አብሮ ይንቀጠቀጣል።

«ምንም፣ የኔ እናት። ምሳ በላሽ?»

ስልኩን ዘግቶ መሪውን ያዘ፤ ግን አልተንቀሳቀሰም። ትኬት ቆራጯ ተነስታ በሩን ዘጋችና፣

«እንሂድ፣ ሞልቷል» አለችው።

ግማሹ ወንበር ባዶ ነበር።