ትርፍ አንጀት አልነበረም

ማህፀኔን ያወጣው ሐኪም ከሰውነቴ ምን እንደወሰደ የነገረው ለባለቤቴ ነው። እኔ አልጋው ላይ ነቅቼ ተኝቻለሁ፤ አፌ ደርቋል እንጂ ጆሮዬ ይሰማል። ሐኪሙ እግርጌ ቆሞ፣ አንድ እጁን ኪሱ ከቶ፣ «ማህፀኗ ሙሉ በሙሉ ወርዶ ስለነበር አውጥተነዋል። የላላውንም አጥብቀን ሰፍተነዋል። ሦስት ወር ከባድ ነገር እንዳታነሳ» አለው። ባለቤቴ ራሱን ነቀነቀ። እኔን ማንም አላየኝም። ጋራዥ የገባች መኪና ለባለንብረቷ ስትመለስ እንዲህ ነው የሚባለው።

ማህፀኔ መውረድ የጀመረው ሦስተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ነው። መጀመሪያ የመክበድ ስሜት ብቻ ነበር። ኋላ ግን ቆሜ ስውል ይወጣል፣ ስተኛ ይመለሳል። የምሠራው ቦሌ ሚካኤል አንድ መጋረጃ ቤት ነው። እቆርጣለሁ፣ እሰፋለሁ፣ የጨርቅ ጣቃ ከመደርደሪያ አወርዳለሁ፣ መልሼ እሰቅላለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲያ ሠራሁ። ስስቅ ሽንቴ ስለሚያመልጠኝ ሥራ ቦታ መሳቅ ትቼ ነበር። ጓደኞቼ ኩራተኛ ናት ይሉኝ ነበር። ባለቤቴ እንኳ ያወቀው መቀመጥ ሲያቅተኝ ነው።

ከሆስፒታል ስንመለስ ወሎ ሰፈር መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። እሱ ወደ ፊት እያየ፣ «ለሰው ትርፍ አንጀት ነው እንበል» አለኝ።

«ለምን?»

«ሰው ያወራል። አንቺም ታፍሪያለሽ።»

እንደማፍር ማን ነገረው? ግን ሕመሙ ገና አልለቀቀኝም፣ ሆዴን በሁለት እጄ ይዣለሁ፣ ቤቴ ደርሼ መተኛት ብቻ ነበር የምፈልገው። ዝም አልኩ። በዚያ ዝምታዬ እስካሁን እናደዳለሁ።

ቤታችን ጎሮ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን አንድ አንድ እያልኩ፣ በየመሀሉ እያረፍኩ ወጣሁ። አልጋ ላይ ሳልደርስ እሱ ስልኩን አንስቶ ጀመረ። ለእህቱ፣ ለዕድሩ ሰዎች፣ የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጥበት ሱቁ አጠገብ ላሉት ሁሉ፣ ለእኔ አሠሪ ጭምር፤ ትርፍ አንጀት፣ ትርፍ አንጀት። ጠያቂው ብርቱካንና የማንጎ ጭማቂ ይዞ መጣ። «እሱማ ቀላል ነው፣ ተመስገን ነው» ይሉኛል። እኔ ከወገቤ በታች የተሰፋሁት ሴትዮ ትራስ ላይ በጎኔ ጋደም ብዬ፣ «አሜን» እላለሁ።

ልታስታምመኝ የመጣችው የባለቤቴ ታላቅ እህት በአራተኛው ቀን ሻንጣዋን ዘጋች። «ለትርፍ አንጀት ይሄን ያህል መተኛት ጥሩ አይደለም። ተነሽና ተንቀሳቀሺ» ብላኝ ሄደች። በአሥረኛው ቀን አሠሪዬ ደወለች። የሆቴል ሥራ እንደመጣላት ነገረችኝና፣ «ሰኞ ትገቢያለሽ አይደል?» አለችኝ። ሁለቱንም ልቆጣቸው አልችልም። የተነገራቸውን ነው ያመኑት።

በሦስተኛው ሳምንት ግን ባለቤቴ ራሱ ውሸቱን አመነው። አንድ ጠዋት ጫማውን እያሰረ፣ «እዚያ ከእኔ ቀጥሎ ሱቅ ያለው ሰውዬ፣ ሚስቱ ትርፍ አንጀት ተደርጋ በሁለት ሳምንቷ ሥራ ገባች» አለኝ።

የሚቀልድ መስሎኝ አየሁት። አልቀለደም።

«እኔ እኮ ትርፍ አንጀት አልወጣልኝም» አልኩት።

«አውቃለሁ። ለማለት ያህል ነው» አለና ቁልፉን አንስቶ ወረደ።

የዚያን ቀን ተራችን ነበርና ውሃ መጣ። ውሃው ቢመጣም ሦስተኛ ፎቅ አይደርስም፤ ከግቢው ቧንቧ ተቀድቶ ነው የሚወጣው። ስደውልለት፣ «ስመለስ እቀዳለሁ» አለ። እስኪመለስ ውሃው እንደሚሄድ ያውቃል። ትልልቆቹ ልጆቻችን ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ናቸው፣ ትንሿ ትምህርት ቤት። ባልዲ ይዤ ወረድኩ። ግማሽ ብቻ ሞላሁት። አንደኛ ፎቅ ላይ ስደርስ ከውስጤ የሆነ ነገር ሳብ ሲያደርገኝ ተሰማኝ፣ ከዚያ ጭኔን ሙቀት ወረደው። ደም ነበር። ባልዲውን አስቀምጬ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

አንደኛ ፎቅ የሚኖሩት ጎረቤታችን በራቸውን ከፍተው አዩኝ። ብዙም የማይናገሩ፣ ከሰው የማይገጥሙ ሴት ናቸው። ምንም ሳይጠይቁኝ ነጠላቸውን ወገቤ ላይ አስረው፣ ታክሲ አስጠርተው ሆስፒታል ወሰዱኝ። ስፌቱ በአንድ በኩል ለቆ ነበር። ነርሷ ከመጋረጃው ማዶ፣ «ማህፀን የወጣላት ናት፣ ባልዲ አንስታ ነው» ስትል እሳቸውም ሰሙ።

ከዚያ በኋላ ያለው እሑድ ቤቱ በጠያቂ ሞላ። ጎረቤታችንም መጥተው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። የባለቤቴ እህት አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ «ለትርፍ አንጀት ሁለት ጊዜ ሆስፒታል? ቁስሉ አመርቅዞ ነው። እስቲ ልየው» ብላ ጋቢዬን ልትገልጥ እጇን ዘረጋች።

«ትንሽ ነው፣ አይታይም» አለ ባለቤቴ ፈጠን ብሎ።

እጇን ያዝኩት። «ሆዴ ላይ ቁስል የለም» አልኩ። «የወጣልኝ ማህፀኔ ነው። በታች በኩል ነው ያወጡት። አሥራ ሁለት ዓመት በእግሮቼ መሀል ይዤው ስሠራ ኖርኩ። ትርፍ አንጀት ነው የተባላችሁት እሱ ነው።»

አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ባለቤቴ ወደ በረንዳው ወጣ።

«ይሄ በሰው ፊት ይወራል?» አለች እህቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ወንድሜን አታዋርጂው።»

«ማህፀኑ የእኔ ነው። እሱ ምኑ ተዋረደ?»

ያላለቀስኩት ንዴቱ ስለበለጠብኝ ነው። ጠያቂዎቹ አንድ በአንድ፣ «እግዜር ይማርሽ» እያሉ ወጡ። እህቱ ሳትሰናበተኝ ሄደች።

ጎረቤታችን ብቻ አልተነሱም። ሰው ሁሉ ሲወጣ የመኝታ ቤቱን በር ዘግተው ወደ አልጋዬ ቀረቡ።

«እኔም አለብኝ» አሉኝ።

«ምን እትዬ?»

«ያንቺው። የመጨረሻ ልጄን ከወለድኩ ጀምሮ። ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው።»

እንዴት እንደሚኖሩ ጠየቅኳቸው። ጨርቅ አጥፈው በመቀነት ወደ ላይ እንደሚያስሩት ነገሩኝ። እሸታለሁ ብለው ስለሚፈሩ ቤተ ክርስቲያን ከገቡ ብዙ ዓመታቸው ነው፤ ከአጥሩ ውጪ ቆመው ተሳልመው ይመለሳሉ። ይሄንን ሲነግሩኝ ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም፤ ስለሌላ ሰው የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት።

«እንዴት ይሄን ሁሉ ዓመት ዝም አሉ?» ብዬ ጮህኩባቸው። አዎ፣ በታመመች ሴት ላይ ጮህኩ።

«አንቺስ?» አሉኝ።

አልጋው ላይ ጠጋ ብዬ ቦታ ለቀቅኩላቸው።

መራመድ እንደቻልኩ ወደዚያው ሆስፒታል ይዣቸው ሄድኩ። ለምርመራ ሲገቡ እጄን አልለቅ ብለው አብሬ ገባሁ። ጨርቁን ሲፈቱ ያየሁትን አልጽፈውም፤ ቆዳቸው ቆስሎ ነበር። የመረመረቻቸው ወጣት ሐኪም ቁስሉ እስኪድን መድኃኒት ሰጥታ የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ያዘችላቸው። ስንወጣ፣ «ይሄ ሁሉ ይድን ኖሯል?» አሉኝ። ከዚያ ኮሪደሩ ወንበር ላይ ተቀምጠው ብዙ አለቀሱ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ጥርሴን ነክሻለሁ። ማንን ልምታ? የሚመታ ሰው ቢኖር መትቼው እመጣ ነበር።

እሳቸው አሁን ቀዶ ጥገናው ተደርጎላቸው አገግመዋል። እኔም ከሦስት ወር በኋላ ሥራ ገባሁ፤ ለአሠሪዬ እውነቱን ስለነገርኳት ጣቃ የሚያወርድ ሌላ ሰው መድባለች። ባለቤቴ በውሃ ቀን ሳይነገረው ጠዋት ወርዶ ይቀዳል። እህቱ ቤታችን አትመጣም።

ባለፈው፣ ምሳ በልተን እንደተቀመጥን፣ «አፍሬ ነበር» አለኝ።

«በእኔ?»

«አላውቅም» አለ። ከዚያ፣ «ንዴትሽ መቼ ነው የሚበርደው?» ብሎ ጠየቀኝ።

እኔም እንደማላውቅ ነገርኩት። ሳህኖቹን አንስቶ ወደ ማጠቢያው ሄደ፤ እኔ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም።