ዓለቱ ላይ የቀረው ሰው

ቁመቴ ከባርቤኪው ምድጃው እምብዛም የማይበልጥ ልጅ ሳለሁ፣ በጋ በገባ ቁጥር የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ቶሮንቶ ውስጥ ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው ሰፈር ከምንኖርበት ፎቅ ጀርባ ባለው መናፈሻ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰቡ ሥጋ ይጠብሱ ነበር። ትልልቆቹ በልተው ጠግበው ስለ ሥራ ሺፍትና ስለ ቤት ኪራይ ማውራት ሲጀምሩ፣ እኛ ልጆች ፍሙን ከበን እንቀመጣለን፤ ስቡ ጠብ ባለ ቁጥር ከሰሉ ቸስ ይላል፣ ጭሱ ዓይናችን ውስጥ ገብቶ ያስለቅሰናል፣ የመናፈሻው መብራትም ብልጭ ድርግም እያለ መብራት ይጀምራል። ያኔ ነው ጋሼ ንጉሤ ታጣፊ ወንበራቸውን ወደ ፍሙ አስጠግተው፣ አልታጠፍ ያላቸውን እግር ዘርግተው ተረት የሚጀምሩልን።

ጋሼ ንጉሤ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከእኛው ጋር ነበር የሚኖሩት። ካናዳ ከመምጣታቸው በፊት ስፔን ውስጥ፣ ከፒሬኒዝ ተራሮች ግርጌ ባለች አንዲት የገጠር መንደር የወይራ ፍሬ ሲለቅሙ ኖረዋል። ስለዚህ ሌላው ልጅ የጅብና የጦጣ ተረት እየሰማ ሲያድግ እኛ የሰማነው ስለ ግንብና ስለ ዓለት ነው። ግንቡ ገደል አፋፍ ላይ ተሠርቶ፣ ከሩቅ ሲያዩት የቱ ጋ ተራራው አልቆ የቱ ጋ ግድግዳው እንደሚጀምር አይለይም ይሉናል። ከግንቡ ወዲያ ደግሞ ቀያይ ዓለቶች እንደ እጅ ጣት ተለያይተው ቆመዋል፣ አናታቸው ላይ ጥንብ አንሳ ይዞራል። «ከዚህ ይረዝማሉ» ብለው ፎቃችንን ሲያሳዩን አንገታችንን ሰብረን እያየን አፋችንን እንከፍታለን።

ደጋግመው የሚያወሩልን ተረት ግን አንድ ነው። የግንቡ ጌታ ከሩቅ አገር ያመጣቸው ሁለት ዘበኞች ነበሩ፤ ባንድ ሳህን የሚበሉ፣ ባንድ ብርድ ልብስ የሚተኙ። አንድ ቀን አንደኛው ዓለቱ ላይ ይወድቅና እግሩ ይሰበራል። ጓደኛው ሰው ጠርቼ መጣሁ፣ እዚሁ ጠብቀኝ ብሎ ይወርዳል፤ በዚያው ይቀራል። የተሰበረው ሰውዬ መንገድ መንገዱን እያየ ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ ድንጋይ ሆነ። የሄደውስ ምን ሆነ ብለን ስንጠይቅ ጋሼ ፍሙን በእንጨት ቆስቆስ ያደርጉና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «እሱማ ተመችቶታል፤ ይኸው ከሰው ጋር ተቀምጦ ሥጋ ይበላል» ይላሉ።

ለእኛ ለልጆቹ እንዲሰማን ብለው የሚጮኹ ይመስለኝ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ስገባ ነው እናቴ እውነቱን ያወጣችልኝ። ጋሼን ዓለት ላይ ጥሏቸው የሄደው ከጀርባችን ተቀምጦ ሥጋ የሚበላው ደምሴ ነው። ደምሴ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበር፣ አሁንም ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝና ለሱ አንቱ አይወጣኝም። ሁለቱም ያኔ ወረቀት አልነበራቸውም። አንድ እሑድ ግንቡን አይተው፣ ዓለቱንም እንውጣ ብለው ሲወጡ ጋሼ ወደቁ። ደምሴ ሰው ልጥራ ብሎ ወረደና ፖሊስ ቢመጣ ወረቀት ይጠይቀኛል ብሎ ፈርቶ በዚያው ጠፋ። ጋሼን በማግስቱ አንድ ፍየል ጠባቂ ነው ያገኛቸው፤ እግራቸው ተጣሞ ገጠመ።

ከዓመታት በኋላ ጋሼ ቶሮንቶ ገብተው ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ፣ በር ላይ ቆሞ አዲስ እንግዳ የሚጨብጠው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ደምሴ። ጋሼ ስሙን ጠርተው ሊያቅፉት ሲሉ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ እንኳን ደህና መጡ፣ ከየት ነው የመጡት አላቸው። ስፔን የሚባል አገር ረግጬ አላውቅም አለ። ከዚያም ለሰዉ ሁሉ፣ ምስኪን፣ መከራ ብዙ አይተው ትንሽ ነካ አድርጓቸዋል ብሎ አወራ፤ ሽማግሌ ነውና ታመነ። ጋሼም በሰዉ ዘንድ ውሸታም ሆነው ቀሩ። እናቴ ይህን ስትነግረኝ ደሜ ፈላ። ይህን ሰውዬ አንድ ቀን ሰው ፊት «ነበርኩ» አስብለዋለሁ ብዬ ማልኩ፤ ቂሙን ቋጥሬ ነርስ እስክሆን፣ የራሴን ደሞዝ እስካገኝ ጠበቅኩ።

ባለፈው ዓመት የሥራ ባልደረቦቼ ዕረፍታቸውን ባሕር ዳርቻ ሲሄዱ እኔ ማስረጃ ልለቅም ስፔን ሄድኩ። ግንቡ እንዳሉት ነው። ነፋሱ ያፏጫል፤ በጠባብ መስኮቱ ሲያዩ ከታች የስንዴው ማሳ እስከ ዓይን መጨረሻ ተዘርግቷል፤ ደረጃው በእግር ብዛት ተበልቶ መሐሉ ጎድጉዷል። የምታስጎበኘኝ ልጅ የመንደሩ ተወላጅ ነበረችና የሁለቱን ዘበኞች ተረት ጠየቅኳት። ሰምታው አታውቅም። እናቷን ስልክ ደውላ ጠየቀችልኝ፤ እናቷም አታውቀውም። እዚያ የሚወራው ስለ አንዲት ባላባት ሚስት ነው። ክው አልኩ። ተረቱን ጋሼ ራሳቸው ናቸው የፈጠሩት፤ ለአንድ ሰው ጆሮ ብለው።

እናቴ የነገረችኝ ዓለት ከመንደሩ በላይ ያለው የመጀመሪያው ነው። እያለከለክሁ ወጣሁት። ሰው ወድቆ ሊያርፍበት የሚችል አንድ ደልዳላ ቦታ አለ፤ እዚያ ቁጭ ብዬ ወደ ታች ሳይ መንገዱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ የአውቶቡስ መቆሚያውም ጭምር። ለካ ጋሼ ጓደኛቸው አውቶቡስ ውስጥ ሲገባ እያዩት ነበር! ዓለቱንም፣ መንገዱንም፣ መቆሚያውንም ፎቶ አነሳሁ። ደምሴ በዚያች ደቂቃ አጠገቤ ቢሆን ኖሮ ምን እንደማደርገው እግዜር ይወቅ።

በቤተ ክርስቲያናችን የምስክርነት ጊዜ የሚባል አለ። ማንም ሰው ተነሥቶ ማይክ ይቀበልና እግዚአብሔር ያደረገለትን ይናገራል፤ እስኪጨርስ ማንም አያቋርጠውም። ለዚህ ነው ይህን ጊዜ የመረጥኩት። ከስፔን እንደተመለስኩ የምመሰክረው አለኝ ብዬ ወጣሁ፤ ፎቶዎቹን በትልቁ ስክሪን አስወጣሁ፤ ተረቱን ልክ ጋሼ በፍሙ ዳር እንደሚያወሩት አወራሁት። ሲያልቅ፣ ዓለቱ ላይ የቀሩት ጋሼ ንጉሤ ናቸው፣ የሄደው ደግሞ ይኸው ፊታችሁ ተቀምጧል አልኩ። ደምሴ የፊተኛውን ወንበር ተደግፎ ተነሣ። አርጅቷል።

«ነበርኩ» አለ። «ሲጣራ ይሰማኝ ነበር። አውቶቡሱ እስኪመጣ ድረስ ስሜን እየጠራ ሲጣራ ይሰማኝ ነበር።»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ ግን ለአንድ አፍታ ብቻ። ሰዉ ተነሥቶ ይፋረደዋል ብዬ ስጠብቅ፣ ከኋላ አንዲት ሴትዮ እልልታዋን አቀለጠችው። ሃሌ ሉያው ተከተለ። ፓስተሩ እያለቀሰ ሮጦ አቀፈው። የዕድሜ ልኩን ኃጢአት በአደባባይ የተናዘዘ ሽማግሌ! ይህን ለማየት ስንት ዓመት ሲጸልዩ የኖሩ ሰዎች እኮ ናቸው፤ እኔስ እዚያው ውስጥ አድጌ እንዴት ይህ ጠፋኝ? ሊያቅፉት ተሰለፉ። ጋሼን ግራና ቀኝ ይዘው መድረክ ላይ አወጧቸው፤ ደምሴ አንገታቸው ላይ ተጠምጥሞ ተንሰቀሰቀ፤ እሳቸው እጃቸው ተንጠልጥሎ እንደ ምሰሶ ቆሙ። ማይኩን እንደያዝኩ ኩም አልኩ። እግዚአብሔር ተጠቀመብሽ እያሉም አመሰገኑኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ኤግሊንተን ዌስት የሚባለው መንገድ ላይ መኪናችንን ቀይ መብራት ይዞን ቆምን።

«ያንን ሰውዬ በየበጋው ቁጭ አድርጌ ስጠብሰው ኖሬያለሁ» አሉ ጋሼ። «መምጣት አይፈልግም፤ ሽማግሌ ስለሆነ መቅረትም አይችል። አንቺ በአንድ ጠዋት አውጥተሽ ለቀቅሽው።»

ስምዎን ላድስልዎ ብዬ ነው አልኳቸው።

«ውሸታም መባሉንማ ለምጄው ነበር» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ተረት አያወሩም። የዛሬዎቹ ልጆች ፍሙ ዙሪያ ሲሰበሰቡ ወንበራቸውን አጥፈው ወደ ቤት ይገባሉ። የሚያወራው ደምሴ ሆኗል። ምስክርነቱን እንዲሰጥ በየቤተ ክርስቲያኑ ይጋብዙታል፤ በከተማው ምዕራብ ካለው ኢቶቢኮም ጠርተውታል፤ ፎቶዎቼን ስክሪኑን ከሚያንቀሳቅሱት ልጆች ወስዶ እያሳየ ግንቡን፣ ቀዩን ዓለት፣ ጥንብ አንሳውን ሳይቀር እንደ ጋሼ አሳምሮ ይናገራል። በሱ ወሬ ውስጥ ግን የወደቀው ሰው ዝም ብሎ ተኝቶ ይጸልያል፤ እግዚአብሔርም ፍየል ጠባቂ ይልክለታል። ማንም ማንንም አይጣራም።

ተረት ልጅ ማስተኛ ብቻ እንዳልሆነ የተማርኩት እዚያ ጭስ ውስጥ ነው፤ እንዴት እንደሚያዝ ግን የገባኝ ዘግይቶ ነው። አሁን ደምሴ የት እንደሚናገር እጠይቃለሁ፤ ሺፍቴን ለሰው ሰጥቼ፣ ቀድሜ ደርሼ የፊተኛው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። የወደቀው ሰው ዝም ብሎ ይጸልይ ነበር የሚላት ቦታ ላይ ሲደርስ ዓይን ዓይኑን አየዋለሁ። ይደነቃቀፋል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይዘላል፣ ላቡን ይጠርጋል። ባለፈው አንዱ አስተናባሪ የምናገረው ያለኝ መስሎት ማይክ ይዞ መጣልኝ። ምንም የለኝም አልኩትና ዓይኔን ወደ ደምሴ መለስኩ።