ስም የሌላት ሟች

ሽታ ያረጀ ቂም ቀስቅሶባችሁ ያውቃል? ዛሬ ቡላኦስ ሰፈር በማስተምርበት ትምህርት ቤት የመድረክ አንሶላ ስዘረጋ ናፍታሊን ሸተተኝና እዚሁ ጅቡቲ ልጅ ሳለሁ በትምህርት ቤት የሠራነው ቴአትር ትዝ አለኝ።

በአንድ የገጠር ቪላ ስለተፈጸመ ግድያ የሚያስቅ ሙዚቃዊ ቴአትር ነበር። እመቤቷን የተጫወተችው የእናቴ አሠሪ ልጅ ናት። እኔ መጀመሪያ የምትገደለው «ቦን» ሆንኩ። ቦን በፈረንሳይኛ «ጥሩ ሴት» ማለት ነው፤ «የቤት ሠራተኛ» ማለትም ነው።

እናቴ ልብሴን እየተኮሰች፣ «ስም የላትም እንዴ?» አለችኝ።

«የላትም፣ እማዬ።»

«ታዲያ ማን ብለው ሊያለቅሱላት ነው? እኔንም ሰባት ዓመት ሙሉ ቦን እንዳሉኝ ነው።»

በዕለቱ መርማሪው «ሟቿ ማን ናት?» ሲል እመቤቷ «ማንም አይደለች፤ ቦኗ ናት» ብላ ዘፈነች። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሬሳ ሆኜ ከተሸፈንኩበት፣ ናፍታሊን ከሚሸተው አንሶላ ሥር የእናቴን ስም ይዤ በአማርኛ፣ «ስሜ አልማዝ ነው፤ የገደልሽኝም አንቺ ነሽ» ብዬ በዚያው ዜማ መለስኩላት።

የእናቴ አሠሪ ከፊት ወንበር ከኋላዋ ወደተቀመጠችው እናቴ ዞረች። «ምን እያለች ነው?»

ከሥራ ብታባርራትስ ብዬ ፈራሁ።

«ስሜን ነው፣ ማዳም» አለች እናቴ።

የቀረውን ተርጉማላት እንደሆነ ስጠይቃት እስካሁን ስቃ ወሬ ትቀይራለች። እናንተም ቴአትር ስታዘጋጁ ሟቿን በስሟ ጥሯት፤ በቅድሚያ ግን አሠሪዎቹን ከፊት አስቀምጧቸው።