ከላይም ከታችም የሚበራው አምፖል

ወንድሜን ሰፈሩ «ኮረንቲ» ይለዋል። መብራት ዘርጊ ስለሆነ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሲናገርም ይይዛል። እኔ ታናሽ እህቱ ስለሆንኩ «ወንድም ጋሼ» እለዋለሁ። ስናደድበት ደግሞ ምንም አልለውም፣ በር እዘጋበታለሁ።

ቤታችን ጠባብ ነው፤ አንድ ምድር ቤት፣ አንድ ፎቅ። ምድር ቤቱን የእሱ ሽቦና ፒንሳ ሞልቶታል። ፎቁ ሚስቱ ልብስ የምትሰፋበት ክፍል ነበር። «ነበር» ስል አሁንም ያመኛል።

ደረጃው መስኮት ስለሌለው በቀንም ጨለማ ነው። በተጋቡ ሰሞን አንድ አምፖል ሰቀለና አንዱን ማብሪያ ከላይ፣ አንዱን ከታች አደረገለት። ከላይ ያበራኸውን ከታች ታጠፋዋለህ፣ ከታች ያበራኸውን ከላይ።

«ይሄ ደግሞ እንዴት ነው?» ስለው፣ «በሁለቱ ማብሪያዎች መሀል ሁለት ሽቦ አለ። ሁለቱም ወደ አንዱ ሽቦ ካዘነበሉ ኮረንቲው መንገዱ ይገጥምለትና ያልፋል። አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ካለ መንገዱ ተቆረጠ፣ አምፖሉ ጠፋ» አለኝ።

«እንደ ባልና ሚስት በለኛ!» ስለው እሷ ከላይ ሆና ሳቀች።

ምልክትም ነበራቸው። ስትፈልገው ከላይ ታበራለች፤ እሱ ከታች ያጠፋዋል፣ «መጣሁ» ማለቱ ነው። እኔ ደረጃው መሀል ጨለማ ውስጥ ስደናበር ማን ይሰማኛል!

እሷ ናይለን ስትሰፋ ነው የምትውለው። አየሩ ሲደርቅ ጨርቁ ይንጣጣል፣ ጸጉሯን ያቆመዋል፤ እጇን ስትዘረጋለት ጣታቸው መሀል ጧ ይላል። «መሄጃ ያጣ ኮረንቲ ነው» ይላታል። «ሲፋተግ ጨርቁ ላይ ይጠራቀማል፤ የሚነካው ሲያገኝ ይዘላል።» እንግዲህ ይህን የሚያውቅ ሰው የሚስቱን ዝምታ እንዴት አያውቅም? የሰው ቤት ሲጠግን እየዋለ የእሷ ካውያ ገመዱ ተልጦ ሽቦው ወጥቶ ነበር። «ነገ» ይላታል። እሷም ደግማ አትጠይቅም፣ በሆዷ ትይዘዋለች። አንድ ቀን ስትጮህ ሮጠን ወጣን። ኮረንቲ ይዟት ካውያውን ወርውራዋለች። እሱ ደህና መሆኗን ሲያይ ሳቀ።

«የኮረንቲ ሚስት ሆነሽ ገና ዛሬ ያዘሽ?» አላት።

ያጠራቀመችው ሁሉ ያኔ ዘለለ። የስፌት መኪናዋን አስጭና በፎቁ የውጭ በር፣ ወደ ግቢው በሚወርደው ደረጃ ወጣች፤ ቁልፉንም ይዛው እህቷ ቤት ገባች።

እሱ ያንኑ ዕለት የካውያውን ገመድ ቀየረ። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነበር እኮ፤ አሁን ለማን ነው?» አልኩት። እስከ እህቷ በር ድረስ ይሄድና ሳያንኳኳ ይመለሳል። «ምን ብዬ ልግባ?» ይለኛል።

ፎቁን ስጠርግ አንድ ነገር ብቻ ከለከለኝ፤ የላይኛውን ማብሪያ እንዳልነካ። የታችኛው ወደ ታች ሲጫን ያበራል፣ ወደ ላይ ሲጫን ያጠፋል። ሰው የላይኛውን ከነካው ግን ነገሩ ይገለበጣል። «እሷ እንደተወችው ይቀመጥ» ይላል። ከሥራ ሲገባ፣ ማብሪያውን ከመጫኑ በፊት፣ ቀና ብሎ አምፖሉን ያያል። ጠፍቶ ሲያገኘው ትከሻው ይወርዳል። ይህን ማየት እኔን ገደለኝ።

«ክፍሉ ይከራይ!» አልኩ። «እኔ ከሽቦ ጋር እየተኛሁ ፎቁ ለማን ባዶ ይቀመጣል?» ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ፣ «እሺ፣ ነገ ሊከራዩት የሚፈልጉ ሰዎች መጥተው ይዩት» አለኝ። አንጀቴን በላው፤ ግን አፌን ያዝኩ።

በነጋታው ከሰዓት መብራት ጠፍቶ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ተከራዮቹን እንጠብቃለን። ድንገት መብራት መጣ። የደረጃው አምፖል ቦግ አለ።

«ሳታጠፋው ነው እንዴ የተውከው?»

ማብሪያውን አየው። ወደ ላይ ነው፤ አጥፍቶታል።

«የላይኛው ተነክቷል» አለ።

«ሌባ!» ብዬ መጥረጊያ አነሳሁ።

«ሌባ መብራት አያበራም። የውጩ በር ቁልፍ ያለው እሷ ጋ ነው።»

ማብሪያውን ተጫነው። አምፖሉ ጠፋ። «መጣሁ» ማለት ነው፤ እግሩ ግን አልነቃነቅ አለው። ጨለማው ውስጥ ቆምን። ከላይ ቀጭ አለና እንደገና በራ።

«ካውያዬን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለች። ከደረጃው አናት ቆማለች።

«ገመዱን ቀይሬዋለሁ።» አላት ወንድሜ። «ያን ቀን መሳቅ አልነበረብኝም። ይቅር በይኝ። ናፍቀሽኛል።»

እንዲህ ያለ ቃል ከወንድሜ አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። መጥረጊያውን እንዳቀፍኩ ቀረሁ።

«ከዚያ ወዲህ ካውያ ሰክቼ አላውቅም» አለች በመጨረሻ። «የሰው ልብስ ሳልተኩስ ነው የማስረክበው። ና ስካልኝ፤ እፈራለሁ።»

ደረጃውን እየዘለለ ወጣ። ወዲያው የምድር ቤቱ በር ተንኳኳ፤ ተከራዮቹ ናቸው። በሩን ገርበብ አድርጌ፣ «ይቅርታ፣ ክፍሉ ሰው አለበት» አልኳቸው።