ሐኪሙን ለመያዝ

ቁልፍ ሠሪው አጎቴ ጥላውን እንኳ አያምንም፤ የቆለፈውን በር ተመልሶ ካልገፋ እንቅልፍ አይወስደውም። ሐኪሙ፣ «ለስኳርዎ ክኒን ከመጨመሬ በፊት በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ» ሲለው፣ «ሲያሞኘኝ ነው! መንገድ መቼ መድኃኒት ሆኖ ያውቃል? እሱ ራሱ በመኪና ነው የሚሄደው» ብሎ ሊያጋልጠው ቆርጦ ተነሣ።

አመሻሽ ላይ ሱቁን እየዘጋ፣ ሐኪሙን ከክሊኒኩ በር እስከ ቤቱ ከኋላ ከኋላው ይከተለው ጀመር። ሰውዬው ያን ሁሉ ዳገት በእግሩ! አጎቴም ላቡን እየጠረገ፣ «ነገ ግን መኪና ውስጥ እይዘዋለሁ» እያለ ይመለሳል።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ውጤቱን አየና፣ «ስኳርዎ ወርዷል! በእግር መሄድ ጀመሩ ማለት ነው?» አለው።

አጎቴ ተቆጣ፤ «እርስዎን ስከታተል የት ጊዜ አግኝቼ!»