አንድ ቦታ ለሁለት ተጫዋች

ሮቤ ያለ አንድ የግል ጤና ኮሌጅ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ሊያቋቁም ሲነሳ፣ አሠልጣኝ እንድሆን የጠራኝ ዲኑ ነበር። እኔ ያኔ ጎባ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርት አስተምራለሁ። ከክፍል ስወጣ ሚኒባስ ይዤ ሮቤ እወርዳለሁ፤ ልምምዱ ሲያልቅ እመለሳለሁ። ዲኑ ሰው አክባሪ፣ ንግግሩ አጭር የሆነ ሰው ነበር። ለምንም ነገር ወረቀት መጻፍ አይወድም። በመጀመሪያው ቀን ያለኝ ይህን ነው፦

«ለቡድኑ ሦስት ነፃ የትምህርት ቦታ አለህ። የቀሩትን ከፍለው ከሚማሩት መሃል ፈልግ።»

«ሜዳ የሚገቡት እኮ አምስት ናቸው» አልኩት። «ያውም ተቀያሪ ሳይቆጠር።»

«አውቃለሁ። ሥራህም እሱ ነው» አለኝ።

ሥራው እንደዚያ ሆኖ ቆየ። ተጫዋች መመልመል ማለት ጎበዝ መፈለግ ይመስለኝ ነበር፤ ሦስት ቦታ ብቻ ሲሰጡህ ግን የምትፈልገው ሌላ ነገር ነው። ሊማሩት የሚችሉትን ነገር ከከፋዮቹ ትጠብቃለህ። ነፃውን ቦታ የምታወጣው ልታስተምረው ለማትችለው ነገር ነው። ከነርሲንግ ተማሪዎች መሃል ልጅነቷን መረብ ኳስ የተጫወተች አንዲት ልጅ አገኘሁ፤ ኳስ መያዝ በሁለት ወር ለመደች። ሌሎች ሁለት ደግሞ ሩጫ የሚችሉ ነበሩ። ከሦስቱ ነፃ ቦታዎች አንዱን ጎባ ራሴ ላስተማርኳት፣ ከሩቅ ወርውራ ለማትስት ልጅ ሰጠሁ። ሁለተኛውን ሮቤ የትምህርት ቤቷን ቡድን አምበል ሆና ለመራች ልጅ። የቀረኝ አንድ ነበር፤ እሱን ለቁመት አስቀመጥኩት። ቁመት በልምምድ አይመጣም።

አጋርፋ አንዲት ረዥም ልጅ አለች ሲሉኝ አንድ ቅዳሜ ጧት አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ። የትምህርት ቤቶች ውድድር ነበር። ሜዳው የተደለደለ አፈር ነው፤ ቀለበቱ መረብ የለውም። ልጅቷን ለመለየት መጠየቅ አላስፈለገኝም። ረዥም ጥቁር ሂጃቧን በሹራቧ አንገት ውስጥ አስገብታ፣ ከቀለበቱ ሥር ቆማ እጇን ወደ ላይ ዘርግታለች። ኳሱ ይመጣላታል፣ ታስገባለች። እንደገና ይመጣላታል፣ ታስገባለች።

ኳሱን የምትልክላት ከትከሻዋ በታች የምትደርስ አጭር ልጅ ነበረች። ለዚያች ልጅ ትኩረት ለመስጠት ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ። ሳታይ ታቀብላለች። ሦስት ሰው ሲከባት አትደነግጥም። ረዥሟ ቦታዋን ስትስት «ወደ ቀኝ!» ብላ በኦሮምኛ ትጮህባታለች፣ ረዥሟም ትታዘዛለች። የትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር አጠገቤ ቆሞ ነበር።

«የመጣኸው ለረዥሟ መሆኑን አውቃለሁ» አለኝ። «እኔ ብሆን ግን አጭሯን እወስዳለሁ።»

ሰማሁት። አላመንኩትም ማለት አልችልም። ግን በልቤ አስቀድሜ ወስኜ ነበር የመጣሁት።

ጨዋታው አልቆ አውቶቡስ ስጠብቅ አጭሯ ልጅ መጣች። ላቧ አልደረቀም።

«ቲቸር፣ እሷን ሊወስዱ ነው አይደል?»

«ቤተሰቧ ከፈቀደ።»

«እኔስ?»

«የቀረኝ አንድ ቦታ ነው» አልኳት። አልሄድ ብላ ስታየኝ ጊዜ አፌ ቀጠለ። «ከፍለሽ መግባት ከቻልሽ ቡድኑ ውስጥ ትገቢያለሽ። ነፃ ቦታ የተለቀቀ ቀን ደግሞ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ።»

«ቃል ነው?»

«ቃል ነው።»

በሳምንቱ ወደ ረዥሟ ልጅ ቤት ሄድኩ። አባቷ ከከተማው ወጣ ብሎ ስንዴና ገብስ የሚያርሱ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ ሰው ናቸው። በኦሮምኛ ተነጋገርን፤ የእኔ ኦሮምኛ የከተማ ኦሮምኛ ነው፣ እሳቸው ግን ስሳሳት አላረሙኝም። ወተት አስቀረቡልኝ። ልጅቷ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ ትሰማለች። ጥያቄያቸውን አስበውበት እንደቆዩ ያስታውቅ ነበር። የት ነው የምታድረው? ከማን ጋር? ሂጃቧን እንድታወልቅ ትገደዳለች ወይ? በሶላት ሰዓት ልምምድ አለ ወይ? እያንዳንዱን መለስኩ፤ ለሁሉም መልስ ነበረኝ። መጨረሻ ላይ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡና እንዲህ አሉ፦

«መምህር፣ እግሯ ቢሰበርስ? መጫወት ቢያቅታት ትምህርቷ ይቀራል ወይስ ይቀጥላል?»

ይህን ዲኑን አልጠየቅኩትም ነበር። እንደማላውቅ ነገርኳቸው፣ ጠይቄ እንደምደውልም ነገርኳቸው።

ሰኞ ዲኑን ጠየቅኩት። በር ላይ ነበር፣ ስብሰባ ሊገባ። «ችግር የለም፣ ያኔ እናያለን» አለና ገባ። ማታውኑ ለአባትየው ደወልኩ። «ችግር የለም ብለዋል» አልኳቸው። «ያኔ እናያለን» የሚለውን ተውኩት። ረስቼው አልነበረም።

«እንግዲያው ትምጣ» አሉ። «ኢንሻአላህ እርስዎ ልጅዎ አድርገው ያዩልኛል።»

የመጀመሪያው ዓመት መጥፎ አልነበረም፣ ጥሩም አልነበረም። ረዥሟ ልጅ ፋርማሲ ክፍል ገባች፤ በትምህርቷ ጠንካራ ነበረች። ሜዳ ላይ ግን ኳሱ በትክክል ካልመጣላት ምንም አታደርግም። የምታቀብላት አልነበረችም። ዓመቱን ሙሉ ይህን እያየሁ አጋርፋ ስላለው መምህር አስብ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት አጭሯ መጣች። አንድ ዓመት በዘመድ ሱቅ ስትሠራ ቆይታ፣ በራሷ አቅም ተመዝግባ። ሁለቱ ሮቤ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው መኖር ጀመሩ። በአንድ ወር ውስጥ ቡድኑ ሌላ ቡድን ሆነ። ከሌላ ከተማ የሚመጡ ኮሌጆችን ማሸነፍ ጀመርን። ዲኑ እንኳ ሁለት ጊዜ መጥቶ ቆሞ አይቷል። አጭሯ ስለ ቦታው አንድም ቀን አንስታ አታውቅም፤ ክፍያ በሚደርስበት ሳምንት ግን ልምምድ ላይ ዝም እንደምትል ልብ ብያለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ዝናብ አባርቶ የሜዳው ሲሚንቶ ገና አልደረቀም፤ ልምምዱን መሰረዝ ነበረብኝ፣ አልሰረዝኩም። ረዥሟ ኳስ ለመያዝ ዘለለችና በአንድ እግሯ ወረደች። ጉልበቷ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ከቆምኩበት አየሁት። አልጮኸችም። አጭሯ ከሁላችንም ቀድማ ደረሰችና ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አስደገፈቻት። ጎባ ሆስፒታል ይዘናት ሄድን። ጅማቱ መበጠሱን፣ መራመድ እንደምትችል፣ ከእንግዲህ ግን መጫወት እንደሌለባት ነገሩን።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ዲኑ አስጠራኝ።

«ቦታው ተለቋል። ለማን ትሰጠዋለህ?»

«ብትጎዳ ይቀጥላል ብለኸኝ ነበር።»

«ያኔ እናያለን ነው ያልኩህ» አለ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ። «ያው ያኔ ደረሰ። ቦታው ለተጫዋች ነው።»

ልክ ነበር፤ ያለው እንደሱ ነው። ከቢሮው ስወጣ አጭሯ ደረጃው ሥር ቆማ ትጠብቀኛለች። ወሬው ቀድሞኛል።

«ቲቸር፣ ቦታው ተለቋል ይላሉ።»

«ይላሉ።»

«የማን ቦታ እንደሆነ አውቃለሁ። አብሬያት ነው የማድረው፣ ሽንት ቤት የማደርሳትም እኔ ነኝ።» አለችና ቀጠለች። «ግን ቃል የሰጡኝ ለእኔ ነው። ለሚቀጥለው መንፈቅ ከየት እንደማመጣ አላውቅም።»

ክፉ ልጅ አልነበረችም። ሳትጠይቅ ብትቀር ኖሮ ለእኔ ይቀለኝ ነበር፣ ይኸው ነው።

በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ቃል ሰጥቼ ነበር፤ አንዱን ለአባት፣ ሌላውን ለልጅ። ሁለት ቀን አሰብኩበትና ወደ ዲኑ ተመለስኩ። ቦታው ለሁለት ይከፈል፣ ግማሹ ለአንዷ፣ ግማሹ ለሌላዋ አልኩት። እምቢ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። «ለኮሌጁ ያው አንድ ነው» አለና ተስማማ።

ሁለቱን አንድ ላይ ጠርቼ ሜዳው ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ነገርኳቸው። ረዥሟ በፋሻ የተጠቀለለ ጉልበቷን እያየች በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች። አጭሯ ግን ቀና ብላ አየችኝ።

«ሜዳ ላይ ግን ሙሉ ነው አይደል የምጫወተው?» አለች።



ለአባትየው በስልክ ልንገራቸው አልፈለግኩም። አጋርፋ ስደርስ አጨዳ ነበር፤ ኮምባይነሩ ማሳቸው ላይ ይሠራል፣ እሳቸው ዳር ቆመው ከረጢት ያስይዛሉ። ሲያዩኝ መጡ። ስለ ጉልበቷ ያውቃሉ፤ ስለ ቦታው አያውቁም። ሁሉንም ነገርኳቸው። ዲኑ ያኔ ምን እንዳለኝ፣ እኔ ከዚያ ምን ቆርጬ እንዳስቀረሁ ጭምር። ማሽኑ ይጮህ ስለነበር አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከበደኝ።

 ሲቆጡም ከአንቱታ አልወረዱም።

«መምህር፣ ይህን ያኔ ቢነግሩኝም ኖሮ እልካት ነበር» አሉ። «አውቄ እልካት ነበር።»

«አጥፍቻለሁ» አልኩ።

«አጥፍተዋል» አሉ። ከዚያ ግማሹን እሳቸው እንደሚሸፍኑ፣ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ እንድነግራት አዘዙኝ። ወደ ቤት ይግቡ አላሉኝም፤ ግን አንዲት ሴት ልከው ወተት አስመጡልኝ። ቆሜ ጠጣሁና ብርጭቆውን መለስኩ።

ዓመቱ እንደምንም አለቀ። ሁለቱ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ እየኖሩ ለየብቻ ይበሉ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። በመጨረሻው ጨዋታ ከሜዳው ማዶ አንድ የማላውቀው ሰው ቆሞ አየሁ። ኮፍያ አድርጓል፣ ማስታወሻ አይዝም፣ ኳሱን ሳይሆን አንዲት ልጅን ብቻ በዓይኑ ይከተላል። ማን እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ እኔም አጋርፋ እንደዚያው ቆሜ ነበር። የሌላ ከተማ ኮሌጅ አሠልጣኝ ነው። ለአጭሯ ሙሉ ቦታ ሰጣት፣ ያውም በወረቀት።

ራሷ መጥታ ነገረችኝ።

«ከሌላ ሰው ሳይሰሙ ብዬ ነው» አለች።

«ሂጂ» አልኳት። «እኔም ብሆን እሄዳለሁ።»

መሸኛዋን ፈረምኩላት። ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ ብዬ ያሰብኩት ጎባ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው።

ያለ እሷ ቡድኑ አንድ ዓመት ተንገዳገደ። ከዚያ ዲኑ ተቀየረ፤ አዲሱ ዲን ሦስቱን ቦታዎች በፈተና ውጤት መስጠት ጀመረ። ይሻላል ብዬ አምኜ አልተከራከርኩም። እኔም ወደ ትምህርት ቤቴ ብቻ ተመለስኩ። አጭሯ በሄደችበት ኮሌጅ ተመረቀች፤ አሁን እዚያው ከተማ ጤና ጣቢያ ትሠራለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ታሠለጥናለች ይሉኛል። ደውላልኝ አታውቅም። እኔም አልደወልኩላትም።

ባለፈው ክረምት ወገቤን አሞኝ የመድኃኒት ማዘዣ ይዤ ሮቤ ወደ አንድ ፋርማሲ ገባሁ። ነጭ ጋዎን ለብሳ ከባንኮኒው ኋላ ስትቆም፣ መድኃኒት ለማውረድ እንደ ሌሎቹ መሰላል አያስፈልጋትም ነበር። አወቀችኝ፣ ወንበር ሰጠችኝ። አባቷ ደህና መሆናቸውን ነገረችኝ። ብርድ ሲሆን ጉልበቷን እንደሚያማት ነገረችኝ። ሌላ ሰው አልነበረም፤ የቆየብኝን ነገር አወጣሁት።

«ኳሱን ያስተውኩሽ እኔ ነኝ» አልኳት። «ያን ቀን ልምምዱን መሰረዝ ነበረብኝ።»

ሳቅ አለች።

«ቲቸር፣ እውነቱን ልንገርዎት? ኳስ ወድጄ አላውቅም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ስረዝም ጊዜ ሁሉም ሰው ለኳስ ነው የተፈጠርሽው አለኝ። እኔ የምፈልገው ኮሌጅ መግባት ነበር። መንገዱ በዚያ በኩል ነው ሲሉኝ ሄድኩ። ጉልበቴ የተጎዳ ቀን ያለቀስኩት ቦታዬ ሊሄድ ነው ብዬ እንጂ መጫወት ቀረብኝ ብዬ አይደለም።»

«እሷስ?» አልኳት። ስለማን እንደምጠይቅ ገባት።

«እሷ ትወደው ነበር። ሌሊት በእንቅልፏ እንኳ ወደ ቀኝ ትለኝ ነበር» አለች። «አሁን እንደዋወላለን። ልጅ ወልዳለች፤ ለመጠየቅ ሄጄ ነበር።»

መድኃኒቱን አወረደች፣ ፓኮው ላይ በቀን ሁለት ጊዜ ከምግብ በኋላ ብላ ጻፈችና አንብባ አስረዳችኝ። ከባድ ነገር እንዳላነሳ አዘዘችኝ። ከኋላዬ ሕፃን ያዘለች ሴት ገባች። እኔም ወንበሩን ለቅቄላት ወጣሁ።